አንዱ ያንተ አይደለም

ቤዝ ጊታር ያስተማረኝ ሰው ሜሬንጌ የተባለውን የካሪቢያን ጭፈራ ምት በሁለት ሳምንት ሰጠኝ። ሳልሳው ላይ ስንደርስ ግን «አንዱን አትንካ» አለኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ተብሎ ሲቆጠር አንድ ላይ ክር እንዳልመታ ከለከለኝ።

«አንዱ ያንተ አይደለም።»

በሕይወቴ ብዙ ነገር ያንተ አይደለም ተብያለሁ። መሬቱ ያንተ አይደለም፣ የለቀምከው ጥጥ ያንተ አይደለም፣ የምትተኛበት ቆርቆሮ ቤት ያንተ አይደለም። ቁጥር ግን ተከልክዬ አላውቅም ነበርና ደሜ ፈላ።

«የማን ነው ታዲያ?»

«የእግር» አለኝ። ወደ ቀኝ እግሩ አየ፤ እኔም አብሬ አየሁ። ያን ጊዜ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ነበር።

የመልካ ወረር ሰው ነው። አባቱ በሶማሌው ጦርነት ሞቶበት፣ በልጅነቱ ከብዙ እንደሱ ያሉ ልጆች ጋር በመርከብ ኩባ ተልኮ እዚያ አደገ። ተመልሶ መጥቶ ጥጥ እርሻ ላይ የውኃ ፓምፕ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጣ። አማርኛው ደህና ነው። ሲናደድ ግን ቃል ይጠፋበትና እንደ ኩባዎቹ «ኦዬ!» ብሎ በእጁ አየሩን ይመታል። መጀመሪያ አንቱ ስለው ፊቱን አጨማደደ። «አንቱ የሚባለው ለመቀበር የደረሰ ነው። አንተ በለኝ» አለ። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ አንተ እለዋለሁ።

ያገኘሁት ሰመራ ነው። እኔ አዋሽ እኖራለሁ፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሰመራ ሄጄ አንድ ሆቴል ውስጥ እጫወት ነበር። ኪቦርድ የሚጫወተው አለቃችን፣ አንዲት ዘፋኝና እኔ። ከበሮው ከኪቦርዱ ውስጥ ነው የሚወጣው፤ ሰው አያስፈልገውም። ከአዲስ አበባ የሚመጡት የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች አገርኛውን ቤታቸው ጠግበውት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ሳልሳና ሜሬንጌ ካልተጫወተላቸው ከወንበራቸው አይነሱም። አለቃችን ከስልኩ ያሰማኛል፤ እኔ እንደመሰለኝ እመታለሁ። አንድ ሐሙስ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ድምፅ ስናስተካክል ለጡረታ ጉዳይ ሰመራ የመጣ አንድ ቀጭን ሰውዬ ሻዩን ትቶ ወደ መድረኩ እያነከሰ መጣ።

«ዘፈኑን የገደልከው አንተ ነህ?»

«አሁን እኮ በእግሩ ሲሄድ ነው ያየሁት» አልኩት።

«በእግሩ አይደለም። በቃሬዛ ነው።»

አለቃችን በሳቅ ወደቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሰው ፊት ተሰድቤ የምስቅ ሰው አይደለሁም። ሰውየው ግን ሊሰድበኝ አልነበረም የመጣው። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና እግሩን አሳየኝ። ስኳር በሽታ ነው። ሐኪሙ ከፋሲካ በኋላ ይቆረጣል ብሎታል።

«ከኩባ ከመጣሁ ጀምሮ የምጨፍረው ከካሴት ጋር ነው» አለ። «ካሴት አያይህም። ብትወድቅ እንኳ አይቆምም። ከመቆረጡ በፊት አንድ ጊዜ፣ ሰው በሚመታው ቤዝ ሳልሳ መጨፈር እፈልጋለሁ። ከዚህ እስከ ጅቡቲ ካንተ ሌላ ቤዝ የያዘ ሰው አላየሁም።»

«ካገኘህ ትተወኛለህ ማለት ነው።»

«ወዲያው» አለ።

ይህን ወደድኩለት። ፋሲካ ሁለት ወር ይቀረው ነበር።

ሙዚቃ ነፍስን ያድሳል የሚሉ ሰዎች ጥጥ ለቅመው አያውቁም። እኔ ከደጋ የወረድኩት ለአንድ የለቀማ ወቅት ነበር፤ ሃያ ዓመት አለፈኝ። ከለቀማ ወደ ዘበኝነት፣ ከዘበኝነት የሙዚቃ ባንድ ድምፅ ማጉያ ወደ መሸከም ሄድኩ። ባንዱ ሲበተን ቤዙ በደመወዜ ፈንታ ቀረልኝ። ማንም አላስተማረኝም። ጥርሴን ነክሼ፣ ከመሬት የሚመጣውን ከባድ ምት እየሰማሁ ነው የለመድኩት። የእኛ ዘፈን ቤዙ መሬት ሲመታ ይወዳል፤ ሰው ሁሉ ትከሻውን የሚጥልበት ቦታ ላይ እኔ ቀድሜ እገኛለሁ። ኩራቴም እሱ ነበር። እኔ ከሌለሁ የሚወድቅበት መሬት የለም ብዬ አስብ ነበር።

አዋሽ ውስጥ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ በአንድ ዘመን የሠራተኞች ክበብ የነበረ አዳራሽ አለ። ወለሉ ጣውላ ነው። ከጣውላው ሥር ባዶ ስለሆነ ድመት እንኳ ስታልፍ ኮቴዋ ይሰማል። ጠዋት ዕቃ ያራግፉበታል፤ ከሰዓት ጫት የሚቅሙ ይይዙታል። ባዶ የሚሆነው ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት፣ ቀትር ላይ ብቻ ነው። አዋሽ በቀትር ምን እንደሚመስል ላልቀመሰው መንገር አይቻልም። ውሻ አይጮኽም። የቆርቆሮው ጣራ ጧ፣ ጧ ይላል። ባጃጆቹ እንኳ ጥላ ሥር ገብተው እንደሞተ ከብት ይቆማሉ።

በአዳራሹ በር ላይ ሻይ የምትሸጥ የወሎ ሴት ነበረች። ቤዙን አንግቼ ስመጣ የመጀመሪያ ቀን ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አያ፣ በቀትር አዳራሽ ይከፈታል እንዴ?»

«ሌላ ጊዜ ሰው ይይዘዋል፣ እቴ።»

«አሁንስ ባዶ ነው ያለዎት ማነው?»

«ጅን ነው የምትይኝ?»

«እኔ ምንም አላልሁም። ጥላዎት የት አለ?»

ወደ መሬት አየሁ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ነበረችና ጥላዬ ከጫማዬ አልወጣም።

«አዩ?» አለች። «በዚህ ሰዓት ጥላ ያለውም የሌለውም አንድ ነው። ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ቢስሚላህ ብለው ይግቡ።»

ቢስሚላህ አላልኩም። እናቴ የቀትር ጋኔን እያለች በልጅነቴ ስታስፈራራኝ እንደኖረች ትዝ ብሎኝ ተናደድኩና በሩን በእግሬ ገፍቼ ገባሁ።

ጋሼ ረቡዕ ረቡዕ ከመልካ ወረር በሚኒባስ ይመጣ ነበር። ሜሬንጌው እንዳልኩት ቀለለኝ። አንድና ሦስት ላይ መምታት ነው፤ ቤዙ ይራመዳል፣ ጨፋሪው ይራመዳል። እዚያ አንዱን ፈቀደልኝ። ሜሬንጌ የአንካሳ ጭፈራ ነው ይባላል ብሎም አጫወተኝ። አንድ እግሩ የቆሰለ ሰው ከጦርነት ወደ መንደሩ ሲመለስ፣ ሰዉ እንዳያፍርብን ብሎ ሁሉም እያነከሰ ጨፈረለት።

«ጥሩ ሰዎች ናቸው» አልኩ።

«እኔ አልፈልግም» አለ። «ማንም እንዳያነክስልኝ። ሜሬንጌ ከተቆረጠም በኋላ ይደርሳል። ሳልሳን ነው በሁለት እግሬ የምፈልገው።»

የሳልሳው ቤዝ ሌላ ነገር ነው። ሁለትን አልፈህ፣ ሦስት ሳይደርስ መሃሉ ላይ አንዴ ትመታለህ፤ ከዚያ አራት ላይ ትመታለህ። አራት ላይ የመታኸው ድምፅ ተንጠልጥሎ ይቆይና አንዱን ያልፈዋል። አንድ ላይ ጣትህ አይንቀሳቀስም። ጨፋሪው በግራ እግሩ አንዱን ይረግጣል፤ በሚቀጥለው ዙር በቀኝ እግሩ አንዱን ይረግጣል። ወለሉ ላይ የሚሰማው የሱ ኮቴ ብቻ ነው።

ሲነገር ቀላል ነው። ጣቴ ግን እምቢ አለ። አንዱ ሲመጣ በራሱ ጊዜ ክሩን ይመታል። ልቆጣጠረው ስሞክር ደግሞ አንዱን ዘልዬው እሄዳለሁ፣ ቆጠራው ይሮጥብኛል፣ ጋሼ ከኪሱ ያወጣው ትንሽ ማጫወቻ ወደኋላ ይቀራል።

«ወይ ትመታዋለህ ወይ ትሸሸዋለህ» ይል ነበር። «ኦዬ! አትምታው፣ አትሽሸው!»

«ባልመታው ማን ይመታዋል?»

«ብነግርህም አይገባህም። የሚመታው አለ።»

የሚመታው አለ ሲል ጣውላው አንዴ ሲጢጥ አለ። ሁለታችንም ወደ ወለሉ አየን።

«ሙቀት ነው» አለ። «እንጨት በሙቀት ይለጠጣል።»

ሙቀት ነው ብዬ ተቀበልኩ። ከዚያ በኋላ ግን አንዱን ባጋጣሚ ሳልመታው ባለፈ ቁጥር አንገቴ ላይ ያለው ፀጉር ይቆም ነበር። ሰው አፍ ውስጥ ጥርስ ሲወልቅ ምላስ ቦታው ላይ እንደሚሄድ፣ ጆሮዬ ወደ ባዶው ቦታ ይሄዳል። እዚያ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ቶሎ ብዬ አንዱን የምመታው አንዳንዴ ካለመቻል ሳይሆን ከፍርሃት ነበር። ይህን አልነገርኩትም።

ፋሲካ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ቀኑ ረቡዕ ሳይሆን መጣ። እግሩ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ በፋሻ ተጠቅልሎ ላዩ ላይ የወንድ ካልሲ ተደርጎበታል። በሩ ላይ ሲደርስ ሽታው ቀድሞት ገባ።

«ነገ አዳማ እሄዳለሁ» አለ። «ሐኪሙ አይጠበቅም ብሏል። ዛሬ ነው።»

«አልደረስኩም እኮ ጋሼ።»

«እግሬ ደርሷል።»

ማጫወቻውን ከፈተ፤ ከበሮው ብቻ ነው የሚወጣው። ጫማውን አወለቀ። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ አስገባ፣ ፀጉሩን በእጁ አበጠረ። የሚያቅፋት ሴት ያለች ይመስል ቀኝ እጁን ዘረጋ። ጀመርኩ። በግራ እግሩ ወደፊት ሲረግጥ እኔም አንዱን መታሁት። ፊቱ ተኮማተረ። በቀኝ እግሩ ወደኋላ ሲረግጥ እኔም መታሁት። ከግንባሩ ላብ ወረደ። «ተወው!» አለ። ሦስተኛው ዙር ላይ እንደገና መታሁት። አራተኛው ላይ ቀኝ እግሩ መሬት ሊነካ ሲል የእኔ ምት ቀድሞት ደረሰ፤ እግሩ ሊያርፍበት ያሰበው ቦታ የተያዘ ይመስል ተንሸራተተና ወደቀ። በጎኑ ነው የወደቀው። ጣውላው ሲጮኽ የሻይዋ ሴት ሮጣ ገባች።

«አላህ ይድረስ! ምን አደረጉዋቸው?»

ካልሲው ረጥቦ ነበር። እሱ ግን እግሩን አላየም፤ እኔን ነበር የሚያየው። በንዴት እንኳ አልነበረም።

«አየህ? ላርፍ ስል አንተ ይዘኸዋል» አለ።

እኔም የሚከተለውን አልኩ። አሁን ስጽፈው አላሳምረውም። «የታመመው ያንተ እግር ነው፣ የእኔ ጣት አይደለም» አልኩት።

ሴትየዋ ደግፋ አስነሳችው። በማግስቱ አዳማ ሄደ።

ከአሥር ቀን በኋላ አንድ የሚኒባስ ሾፌር አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አመጣልኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ሸበት ካለ በኋላ ነው። ዛሬም ደብዳቤ ሳነብ ድምፄን አውጥቼ፣ ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ ነው። አዳራሹ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ አነበብኩት። አጭር ነው።

«እግሬን ከጉልበት በታች ወሰዱት። የት እንደወሰዱት ስጠይቅ አይነግሩኝም። የሌለው ጣቴ ያሳክከኛል። ቤዝህን አትተው። አንዱን ተው።»

«እግሬን» የሚለውን ሳነብ አልሄድልህ አለኝ። የቃሉን ጭራ ትቼ ሞከርኩት፤ እግር። እ፣ ግ፣ ር። ሦስቱም ሳድስ ናቸው።

ፊደል ያስተማረችን መምህርት ልጅ እግር ነበረች፤ እኛ ደግሞ የሕፃናት ዴስክ ውስጥ ጉልበታችን አልገባ ያለን ጎልማሶች። ሀ ሁን እንደ ዘፈን በሙሉ ድምፅ ስለሸመደድነው ፊደል ሁሉ የሚጮኽ መስሎን ነበር። «ቤት» አንብብ ስትለኝ «ቤ… ትእ» አልኩ። «በግ» ስትለኝ «በ… ግእ»። ከኋላዬ የተቀመጠ ሾፌር «ሰውዬው ፍሬን አይዝም እንዴ!» ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ። ቀጥዬ ሳነብ ተጠነቀቅሁና ሳድሱን ጭራሽ ዘለልኩት፤ «ቤ» ብዬ ቆምኩ። ባሰብኝ። መምህርቷ አልሳቀችም። «አይዝለሉት፤ ድምፅም አይስጡት። ፊደሉ አለ። ምላስዎን ቦታው ድረስ ያድርሱና እዚያው ዝም ይበሉ» አለችኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ቤት፣ ቤት፣ ቤት እያልኩ በመንገድ ሄጃለሁ። ሰው ቤት የምፈልግ መስሎት ደላላ ልኮብኛል።

ወረቀቱን ይዤ «አንድ» አልኩ። አ፣ ን፣ ድ። ምላሴ የድ ቦታ ላይ ደርሶ ቆመ። ድምፅ አልወጣም፤ ግን እዚያ ነበር። ስንት ጊዜ ስመታውና ስሸሸው የከረምኩትን ነገር አፌ ካወቀው ዓመታት ሆኖታል። ጣቴ ብቻ ነበር መሃይም የቀረው።

ቤዙን አነሳሁ። ማጫወቻውን ትቶልኝ ሄዶ ነበርና ከፈትኩት። አራት ላይ መታሁ። አንድ ሲመጣ ጣቴን ክሩ ላይ አድርሼ፣ እዚያው፣ ዝም። ሄደ። ሁለተኛውም ሄደ። ከዚህ በፊት ተሰምቶኝ የማያውቅ ነገር ሆነ፤ ዘፈኑ ከእጄ ወርዶ ወለሉ ላይ በራሱ ቆመ። ደስ ሊለኝ ነበር።

አራተኛው ዙር ላይ፣ አንዱ ላይ፣ ጣውላው ተረገጠ።

ሲጢጥታ አልነበረም። ኮቴ ነው። ክብደት ያለው፣ ባዶ እግር፣ ከእኔ ሦስት እርምጃ ያህል ወዲያ። በመስኮቱ ጨረር ውስጥ ከጣውላዎቹ መሃል አቧራ ብድግ አለ። እጄ አልቆመም፤ ለምን እንዳልቆመ አላውቅም። በሚቀጥለው ዙር አንዱ ላይ ምንም የለም። ከዚያ በሚቀጥለው፣ ዷ። ከዚያ ምንም። ከዚያ ዷ። አንዱን ዙር እያለፈ፣ ሁልጊዜ ወደኋላ የሚረገጥበት ዙር ላይ ብቻ። አንድ እግር ነው። የቀኝ።

አቆምኩ፤ ቆመ። ቀዝቃዛ ላብ አላበኝ፣ አዋሽ፣ በቀትር። ሙቀት ነው አልኩ። እንጨት ነው። በማግስቱ ሄጄ ሞከርኩ፤ ያው ነው። አንዱን ስመታው የለም። አንዱን ስተወው ይመጣል። በሦስተኛው ቀን የሻይዋ ሴት በበሩ አንገቷን አስገባች።

«አያ፣ ሰውየው ተመለሱ እንዴ?»

«የትኛው ሰውዬ?»

«የሚጨፍሩት።»

«አዳማ ሆስፒታል ናቸው።»

አዳራሹን በዓይኗ ዞረችው። አልጮኸችም። ወጥታ ብርጭቆዎቿን አንድ በአንድ ሰፌድ ላይ ደረደረች፣ ምድጃዋን አነሳች፣ መንገዱን ተሻግራ ከጎሚስታው አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ወደዚህ በር አልተመለሰችም። ስትሄድ ለእኔ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፤ «የሳቸውን ይመልሱላቸው።»

እኔ ምን አደረግሁ? ሸሸሁ። ለአለቃችን ደውዬ ሰመራ ጠቅልዬ ልግባ አልኩት።

«አዋሽ ምን ቆነጠጠህ?» አለኝ።

«ሙቀቱ።»

«ሙቀት ሸሽቶ ሰመራ የመጣ የመጀመሪያው ሰው ነህ» ብሎ ሳቀብኝ።

ሰመራ ጥሩ ነው። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ነፋሱ ቀኑን ሙሉ አሸዋ ይዞ ይጮኻል፣ ኮቴ አይሰማም። እዚያ ሳልሳ ስንጫወት አንዱን ሆን ብዬ፣ በአውራ ጣቴ፣ ከነኃይሌ እመታው ነበር። ለደብዳቤው መልስ አልጻፍኩም። እሱ የለመነኝን ነገር ተምሬው ደበቅሁት። ከሆስፒታል ወጥቶ መልካ ወረር መግባቱን ሰማሁ፤ አልሄድኩም። ሰው ፈሪ ነህ ቢለኝ እደባደባለሁ፤ ነገር ግን ፈሪ ነበርኩ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ጋሼ በጭነት መኪና ጋቢና መጣ። ሚሌ ላይ አድረው ነው የደረሱት። ከሰዓት ድምፅ ስናስተካክል በሁለት ክራንች ገባ፤ የሱሪው ቀኝ እግር ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ከስቷል። ቁጭ ብሎ አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰማን።

«አሁንም ትመታዋለህ» አለ።

«አዎ።»

«መተው ግን ትችላለህ።»

«ማን ነገረህ?»

«እግሬ» አለ። አልሳቀም። «ሆስፒታል ተኝቼ፣ ከተቆረጥኩ በኋላ፣ ሦስት ቀን በቀትር የሌለው እግሬ ይረግጥ ነበር። መጀመሪያ ሕመም መሰለኝ፤ ነርሷን ጠርቼ መርፌ ውጊኝ አልኳት። ከዚያ ቆጠርኩት። አንዱን ዙር ያልፋል፣ ሁለተኛው ላይ ይረግጣል። ኦዬ፣ ቆጠራው ልክ ነበር! ያኔ ገባው አልኩ። በአራተኛው ቀን ቀረ። ለምን አቆምክ?»

አለቃችን ከኪቦርዱ ቀና ብሎ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየ። በሩን አየሁ። ውጭ ነፋሱ አስፋልቱን በአሸዋ ሸፍኖታል።

«ተጫወትልኝ» አለ።

«ትወድቃለህ ጋሼ።»

«አንተ አትመታው እንጂ፣ መውደቁን ለእኔ ተወው።»

ተነሳ። ሁለቱን ክራንች ድምፅ ማጉያዬ ላይ አስደግፎ በግራ እግሩ ብቻ ቆመ። አስተናጋጆቹ ጠረጴዛ እያነጠፉ ነበር፤ አንደኛዋ «አባባ፣ ወንበር ላምጣ?» አለች። አልሰማትም። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ አስገባ። ለአለቃችን ራሴን ነቅንቄ ምልክት ሰጠሁት፤ ከበሮውን ለቀቀው።

አራት ላይ መታሁ። አንዱን ተውኩት። በግራ እግሩ ትንሽ ወደፊት ረገጠ፤ ቅርቤ ስለነበር ሴራሚኩ ላይ የጫማው ድምፅ ተሰማኝ። አሁን ሁለተኛው ዙር መጣ፣ ወደኋላ የሚረገጥበት፣ የቀኙ። ትከሻው ወደኋላ ማዘንበል ሲጀምር አየሁ። ጣቴ ክሩ ላይ ነበር። ብመታው ይቆማል፤ ይደነግጣል፣ ግራ እግሩ ላይ ይቀራል፣ አይወድቅም። እጅ ዘርግቶ ሰው እንደ መያዝ ነበር። በሕይወቴ አንድን ነገር ለመምታት እንደዚያ ፈልጌ አላውቅም።

ተውኩት።

ክብደቱ ሁሉ ወደ ቀኝ ሄደ። የታጠፈው ሱሪ ወደኋላ ተወዛወዘ። ከዚያ የግራ እግሩ ከወለሉ ተነሳ፤ ልክ ሁለት ላይ ሊረግጥ እንደሚነሳ። ለዚያች አንድ ቁጥር ወለሉን የነካ ምንም ነገር አልነበረውም። ከዚያ ግራው ወረደ፣ ረገጠ፣ ቀጠለ። አራት ጊዜ እንዲህ ደገመው። አራቱንም ጊዜ አየሁ።

ክራንቹን ስጡኝ አለና ተቀመጠ። ውኃ ጠጣ።

«ሰማኸው?» አለኝ።

«አልሰማሁም።»

«እግሬ ከእኔ ጋር ከሆነ ለምን ይጮኻል?» አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

አስተናጋጇ ታጨበጭብ ነበር። «አባባ በአንድ እግር ዘለሉ!» ትላለች። አለቃችንም እስከ ዛሬ ዘለለ ነው የሚለው፤ ለእንግዶችም እንደዚያ እያለ ያወራል። ተከራክሬው ደክሞኛል። የሚዘል ሰው ጉልበቱን ያጥፋል፣ ራሱ ከፍ ይላል፣ ሲያርፍም ይሰማል። ይህ ሰው ከፍም ዝቅም አላለም። ግራ እግሩ በአየር ላይ እያለ ላቡ ከአገጩ ቀጥ ብሎ፣ ከታጠፈው የቀኝ ሱሪ ሥር፣ እግሩ በሚቆምበት ቦታ፣ ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።